አየርላንድን የተማርኩበት አዳራሽ

አየርላንድን የተማርኩት ልጄን ስጠብቅ ነው። ከዚያ በፊት ስለዚያ አገር የማውቀው ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ባንሆፍስፊርቴል በሚባለው የባቡር ጣቢያ ሰፈር፣ ከሱቄ ሁለት በር አለፍ ብሎ የነበረውን መጠጥ ቤት ብቻ ነበር። በሩ አረንጓዴ ነው፣ መስኮቱ ላይ በገና ተስሎበታል፣ ባለቤቱ ቱርክ ነው። ስለዚህ የማውቀው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የጤፍ ዱቄት፣ የጸጉር ቅባትና ሻንጣ እሸጥ ነበር። ትምህርቴ መርካቶ ተጀምሮ መርካቶ ያለቀ ነው፤ ሰው ምን ያህል ሊከፍል እንደሚችል ከጫማው አውቃለሁ፣ ከዚያ በላይ ብዙም መጽሐፍ አልገለጥኩም። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ በኤስ-ባን ባቡር ኒድ ወደሚባለው ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ፣ ከኒዳ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አለ። ሃውስማይስተሩ፣ ማለት የሕንፃው ጠባቂ፣ በሰዓት ያከራየዋል። እሑድ እሑድ የኛዎቹ ጴንጤዎች ይዘምሩበታል። ቅዳሜ ልጆቻችን አማርኛ ይማሩበታል፤ እዚያ ላይ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አንድ ነው፣ ምክንያቱም የሁሉም ልጅ የሚመልሰው በጀርመንኛ ነው። ልጆቹ ፊደላቸውን ጨርሰው መዝሙር ሊለማመዱ ከኋላ ወዳለችው ትንሽ ክፍል ሲገቡ፣ አዳራሹን ሌላ ኩርስ፣ ማለት የአዋቂዎች ትምህርት፣ ይረከበዋል። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «የአየርላንድ ታሪክ፣ መልክዓ ምድርና ባህል፤ መግቢያ» ይላል።

እኔ መዝሙሩ እስኪያልቅ መተላለፊያው ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር። የብርድ ወራት ነው፣ መተላለፊያው ማሞቂያ የለውም። አንድ ቀን የዚያ ኩርስ አስተማሪ በሩን ከፈት አድርጋ አየችኝና፣

«በሩ ተከፍቶ ሲቆይ ብርድ ይገባብናል። ወይ ይግቡ፣ ወይ ይሂዱ» አለችኝ።

«አልከፈልኩም እኮ።»

«ወንበሩም ከፋይ አላገኘም።»

ገባሁ። ለብርድ ብዬ ነው የገባሁት። ሰው ለትምህርት የሚገባበትን ምክንያት ሁሉ ብንመረምር የኔ ከመጥፎዎቹ አይመደብም።

ሴትዮዋ አየርላንዳዊት ናት፤ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ቀይ ጸጉሯ ሽበት የገባበት፣ ሥራዋ ኤርፖርት አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ የሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ አገሯን ለጀርመኖች ታስተዋውቃለች። ተማሪዎቿ ለበጋ ዕረፍት በብስክሌት አየርላንድን ሊዞሩ የሚያስቡ ሰዎች ናቸው፤ ዋናው ጥያቄያቸው ዝናብና በግ ነው። በጎቹ መንገድ ይዘጋሉ ወይ፣ ዝናቡ ስንት ሰዓት ያባራል። እሷም በጎቹ ያልፋሉ፣ ዝናቡ ግን ቃል አይገባም ትላቸዋለች።

የኛም የፊደል አስተማሪ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያንቀላፉ ነበር። የኔታ እንላቸዋለን። ቄስ አልነበሩም፤ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፣ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ፍራንክፈርት መጡ። ጀርመንኛ አያውቁም። ልጃቸው ከሥራ ወጥቶ በመኪና እስኪወስዳቸው ይጠብቃሉ፤ እንደኔው ለብርድ ብለው ነው።

ትምህርቱ በዲያ ነው። ትንንሽ ፎቶዎችን ግድግዳ ላይ የምታበራ ማሽን አለች፣ ጠቅ ሲል አገር ይቀየራል። የመጀመሪያ ቀን ያየሁት ኮረብታ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። አረንጓዴ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ግን እንደ ሹሩባ የተሠራ መስመር መስመር አለው።

«ምን ይታያችኋል?» አለች።

አንዱ ጢማም የጎልፍ ሜዳ ነው አለ። ሌላዋ የውሃ መውረጃ አለች።

«የድንች መደብ ነው» አለች። «የቆፈሩት ሰዎች ከሞቱ ወይም በመርከብ ከሄዱ መቶ ሃምሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አላረሰውም። ፀሐይ ዝቅ ስትል ብቻ ነው እንዲህ የሚታየው፤ ቀትር ላይ ብትሄዱ ሣር ነው።»

እኔ የገጠር ልጅ አይደለሁም። ቢሆንም አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሠራው መስመር፣ ባለቤቱ ጠፍቶ መስመሩ ሲቀር ማየት ከበደኝ። ሱቅ ተዘግቶ መደርደሪያው ባዶውን እንደ ቆመ ዓይነት ነው።

ሌላ ቀን ግንብ አሳየችን። ከምዕራቡ ዳር፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ከአፈሩ ድንጋዩ የሚበዛበት አገር ነው። ሰዎቹ ድንጋዩን ከእርሻው እየለቀሙ ያለ ጭቃ ደራርበው ይክቡታል። በድንጋዮቹ መካከል ሰማይ ይታያል። ጢማሙ ሰውዬ፣ ጀርመን ነውና፣ ክፍተቱን አልወደደውም።

«ለምን አልደፈኑትም?»

«ቢደፍኑት ንፋሱ ይጥለዋል። ጥቂቱን ካሳለፉት ይቆማል።»

ይህንን ወደ ሱቅ ወሰድኩት። ደንበኛ ሲቆጣ ጥቂቱን አሳልፋለሁ።

የኔታ አንድ ጊዜ ብቻ ነቁ። በግድግዳው ላይ ከድንጋይ ሥር የሚወጣ ምንጭ፣ አጠገቡ ደግሞ ብጥስጣሽ ጨርቅ የታሰረበት ዛፍ ታየ። ሰዎቹ እየጸለዩ ይዞሩታል፣ ለበሽታ ይጠጡታል፣ አለች ሴትዮዋ። የኔታ ቃሉን አልሰሙም፣ ስዕሉን ግን አዩና ወደኔ ዘንበል አሉ።

«ጸበል ነው።»

«አዎ የኔታ።»

«ዛፉ ላይ ጨርቅ ማሰሩን አልወደድኩትም። ባዕድ አምልኮ አለበት» አሉና መልሰው ዓይናቸውን ከደኑ።

አሁን ስለ አንዲት እንጨት ልናገር።

ከገና በፊት የወላጆች ስብሰባ ነበረን። ልጆቹ አማርኛ ክፍል ውስጥ ሳይቀር እርስ በርስ በጀርመንኛ ያወራሉ፣ ምን ይደረግ ተባለ። ታክሲ የሚነዳ አንድ አባት ተነሣ።

«እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ካልሆነ አይወራም ነበር። አማርኛ ሲያመልጠን እንጨት አንገታችን ላይ ያንጠለጥሉብናል። ይኸው እንግሊዝኛዬ እንዴት ነው?»

«እንግሊዝኛህማ ታክሲው ውስጥ ቀርቶ ነው እንጂ» አለችው አንዷ እናት፣ ተሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ ሐሳቡ ጸደቀ። አብዛኞቻችን ያቺን እንጨት በልጅነታችን አንገታችን ላይ አውቀናታል፤ እኛን ካልገደለች ልጆቻችንን አትገድልም ብለን ነው መሰለኝ። እጅ ወጣ፣ የኔም ወጣ። የኔታ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ እንጨት ቀርጸው፣ ቀዳዳ አበጅተው፣ ሲባጎ አሰሩላት። ደንቡ ቀላል ነው። ጀርመንኛ የተናገረ ልጅ ያንጠለጥላታል፤ ሌላ ልጅ ጀርመንኛ ሲናገር ከያዘው ለዚያ ያስተላልፋታል። ትምህርቱ ሲያልቅ እንጨቷ አንገቱ ላይ የተገኘችበት ልጅ አዳራሹን ይጠርጋል። ልጆቹ በአንድ ቀን ጆሯቸው ተቀሰረ። እርስ በርስ መጠባበቅ ጀመሩ።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው ቀን «ቫስ?» ብላ ተያዘች፤ የኔታ የተናገሩት አልገባትምና ምን ማለት ነው ብላ መጠየቋ ነው። እንጨቷ አንገቷ ላይ ሆነች። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ጀርመንኛ ስታወራ ሰምታታለች፣ ሁሉም ሰምቷታል። ልጄ ግን አላስተላለፈችም። አዳራሹን ጠረገች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ሊይዛት አልቻለም። አፏን አልከፈተችም። የነጋዴ ልጅ ናት፣ ዋጋው ሲወደድባት ገበያውን ጥላ ወጣች። የኔታ «ልጅህ ጨዋ ሆነችልን» አሉኝ። መዝሙር ክፍልም ገብታ አትዘምርም፤ ከንፈሯን እንኳ አታንቀሳቅስም። እኛም አማርኛው እስኪበስል ነው እያልን ተጽናናን። ዝምታው ግን ኒድ አልቀረም፣ በባቡር አብሮን መኖሪያ ሰፈራችን ኖርድቬስትሽታት ገባ፣ በሊፍት አብሮን ወደ ቤታችን ወጣ። ቤት ውስጥ ራሷን መነቅነቅና መወዝወዝ ሆነ። ጀርመንኛም ለእኛ ቀረብን።

ይህ ሁሉ በእኛ መሃል ቢቀር ኖሮ ቀስ ብሎ ያልፍ ነበር። እናቴ ግን አዲስ አበባ ናት።

እናቴ ቤት ስልክ የለም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን እንዳጣፋች ጎረቤት ትሄዳለች፤ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ እኔ እደውላለሁ። ከኔ ጋ የምታወራው ለወጉ ነው። የምትመጣው ለልጅቷ ድምፅ ነው። ድሮም ወሬያቸው ብዙ አልነበረም፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በላሽ፣ በላሁ። ለእናቴ ያ በቂዋ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ለሰፈሩ ስትነግረው ትከርማለች።

አንድ እሑድ ድምፁ ቀረ።

«ልጅቷን አቅርብልኝ።»

«ይኸው እማዬ፣ ስልኩን ይዛለች፣ እየሰማችሽ ነው።»

«ስልኩ ነው የሚተነፍሰው። እሷማ የለችም።»

በሁለተኛው እሑድም እንዲሁ ሆነ። ልጄ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፣ ዓይኗ ይሞላል፣ ከዚያ ትሰጠኝና ክፍሏ ትገባለች። ጀርመንኛ እንዳያመልጣት ፈርታ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ እልህ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው እሑድ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ እኔ ጠንካራ ነኝ። የአባትህን መርዶ ቆሜ ነው የሰማሁት። ደብቃችሁኝ ከሆነ ንገሩኝ። እንደ ሰው ልቀመጥላት።»

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ለቅርብ ሰው ተነግሮ፣ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። ስለዚህ «ደህና ናት» የሚለው ቃል በስልክ ሲነገር ዋጋ የለውም። ሞታም ቢሆን ደህና ናት ነው የምንለው። እኔም በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፣ እናቴም ታውቃለች።

«እግዜርን ምስክር እጠራለሁ እማዬ፣ አጠገቤ ናት።»

«እንግዲያው ትናገራ።»

ጎረቤቷ ስልኩን ተቀበለቻትና አፏን ወደ ስልኩ አስጠግታ አንሾካሾከች። «ወንድሜ፣ ለኔ ንገረኝ። እኔ ቀስ ብዬ፣ ሰው ሰብስቤ አረዳታለሁ።»

«እመቤት፣ ልጅቷ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ዳቦ በማርማላታ እየበላች ነው!»

«እሺ፣ እሺ። ገብቶኛል። በስልክ አይሆንም።»

ፎቶ ላክሁ። ፎቶው የድሮ ነው ተባለ። ከዚያ አንድ ዘመዴ ደወለልኝ፤ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መልበስ ጀምራለች አለኝ። የነጠላው ጥለት ወደ አንገት ሲዞር ለለቅሶ ነው። ማንም ሳያረዳት፣ ማንም ሳይመጣ፣ ብቻዋን ለቅሶ ተቀምጣለች ማለት ነው፤ በሕይወት ላለች፣ ለማትናገር ልጅ።

ልጄን ለመንኳት። ቸኮሌት ገዛሁ፣ ተቆጣሁ፣ አግባባሁ፤ በንግድ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ራሷን ወዘወዘች።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ አየርላንዳዊቷ ስለ ረሃቡ ተናገረች። ድንቹ መሬት ውስጥ እንዳለ በሰበሰ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ድሃው ከድንች ሌላ ምግብ አልነበረውም። ከወደቦቹ ግን እህልና ቅቤ የጫኑ መርከቦች ይወጡ ነበር፣ አለች። ጀርመኖቹ አንድ በአንድ ዞር እያሉ እኔን አዩኝ። በዚያ ዘመን የአገሬን ስም ስናገር ረሃቡን ያስታወሰ ሰው የሚያሳየኝ ፊት ነበር፣ እሱን አደረጉ። እሷ አላየችኝም።

ከዚያ ስለሄዱት ነገረችን። ወጣት አሜሪካ ሊሄድ ሲል ዋዜማውን ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያድራሉ፤ ይበላል፣ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል፣ እናትየው ሙሾ ታወርዳለች፤ ልጁ ግን በቁሙ እዚያው መሃላቸው ነው። ሲነጋ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ይሸኙታል። እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህ ቀብሩን አስቀድመው ይጨርሱታል።

ተማሪዎቹ ማስታወሻ ያዙ። እኔ ስለ እናቴ ነጠላ እያሰብኩ ነበር።

ኩርሱ ሲያልቅ ወደኔ መጣች። «ይቅርታ፣ ዛሬ ሁሉም ወደ እርስዎ አዩ።»

«ለምጄዋለሁ። ለሁለት አገር አንድ ሰው ካዩ ጊዜ ይቆጥባሉ።»

ሳቀች። «እኛንም እንዲህ ያዩን ነበር። አሁን በብስክሌት ይመጡብናል።»

«እኛም እስኪመጡብን እየጠበቅን ነው።»

የማሽኗን ሽቦ እየጠቀለለች ሳለ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለችውን እንጨት አየች። አወረደቻት። የማን ናት አለችኝ። ዕቃ እንደማስረዳ አስረዳኋት፤ ይህን ስትናገር ይንጠለጠላል፣ ያንን ሲናገር ይተላለፋል፣ መጨረሻ ላይ ይጠረጋል። ጣቷን በእንጨቷ ጠርዝ ላይ አስኬደች፣ የሆነ ነገር እንደምትፈልግ።

«ጠርዙ የቢላ ምልክት የለውም» አለች።

«የምን ምልክት?»

መልሳ ሰቀለቻት። በኋላ፣ ኮቷን እየለበሰች፣ «ያቺ የማትዘምረው ልጅ የእርስዎ ናት አይደል?» አለችኝ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዘዋት ይግቡ። ይህንንም ልዋሰው፣ ይፈቀድልኛል?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄን ከመዝሙር ክፍል አወጣኋትና አጠገቤ አስቀመጥኳት። የኔታ ከኋላችን ነበሩ። ማሽኗ አልበራችም። አየርላንዳዊቷ ፊት ለፊት ቆመች፣ እንጨቷ አንገቷ ላይ ተንጠልጥላለች። ጀርመኖቹ ጌጥ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ልጄ ፈገግ አላለችም፤ ወንበሯን ጨብጣ ያዘች።

ሴትዮዋ መናገር ስትጀምር የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይህቺ ሴት የኛን እንጨት ምን ታደርገዋለች?»

«ስለሱ እየተናገረች ነው የኔታ።»

«መናገሯንማ አያለሁ። ምን ትላለች?»

እኔ ተያዝኩ። የኔ ጀርመንኛ የመግዣና የመሸጫ ነው፤ ኪሎ፣ ካርቶን፣ መቼ ይደርሳል፣ ለምን ዘገየ። ታሪክ የሚባል ዕቃ ሸጬበት አላውቅም። «አንድ ድሮ... ልጆች...» ብዬ ቆምኩ። የኔታ ትዕግሥታቸው አልቆ ክንዴን ጎሸም አደረጉኝ። «ነጋዴ፣ ዛሬ ምን ነካህ?»

«ድሮ ነው አባባ» አለ አንድ ድምፅ።

ልጄ ናት። ስንት ሳምንት ያልሰማሁት ድምፅ ሻክሮ፣ ወፍሮ መጣ። ዞር ብላ ወደ የኔታ ነው የምታወራው፣ እኔን አላየችም።

«ድሮ በሷ አገር ልጆች የእናታቸውን ሽፕራኸ፣ ማለት ቋንቋ፣ ሲናገሩ እንጨት አንገት ላይ ያደርጋሉ። ከዛ በቢላ ይቆርጡታል። አንድ ቃል፣ አንድ ቁረጥ። ሲመሽ ሌረሩ፣ መምህሩ፣ ይቆጥራል። ከዛ ይመታል።»

«የገዛ ቋንቋቸውን ሲናገሩ? ማነው የሚቆርጠው? እንግሊዙ?»

ልጄ እጇን አወጣችና በጀርመንኛ ጠየቀች። ሴትዮዋ መለሰችላት።

«ትምህርት ቤት መምህሩ። ቤት ደግሞ...» ልጄ ቃሉን ፈለገች፣ «ቤት ደግሞ አባቱ ራሱ ይቆርጣል።»

«አባቱ! ጠላው እንዴ?»

እንደገና ጠየቀች፣ እንደገና ተመለሰላት።

«አይ፣ ወደደው ነው የምትለው። በመርከብ ሲሄድ እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል ብሎ ነው።»

የኔታ ወደ ኋላ ተደገፉ። ጀርመኖቹ በዚህ በኩል የሚካሄደውን ትርጉም ቃሉ ባይገባቸውም አላቋረጡም። ሴትዮዋም አንድ ዐረፍተ ነገር ትልና ልጄን ትጠብቃለች። ስለ አያቷ ነገረችን። አያቷ እንግሊዝኛ የሚችሉትን ያህል ለልጅ ልጆቻቸው ይናገራሉ፤ የድሮውን ቋንቋ ግን ጓሮ ወጥተው ለዶሮዎቹና ለላሟ ብቻ ይናገሩታል። «ልጅ ሆኜ» አለች፣ «የዶሮ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር። አያቴ ከዶሮ ጋ መነጋገር ትችላለች ብዬ ለጓደኞቼ እኮራ ነበር።»

ጀርመኖቹ ሳቁ። ልጄ ስትተረጉመው የኔታ አልሳቁም።

ቀጥላም አገሩ የራሱ መንግሥት ካገኘ በኋላ ቋንቋው ይመለስ እንደተባለ፣ ትምህርት ቤት ግዴታ እንደሆነ፣ እሷም በተራዋ በዱላ እንደተማረችው ተናገረች። ምዕራቡ ዳር እስከ ዛሬ የሚናገሩት መንደሮች አሉ፤ የሷ መንደር ግን ቋንቋው በጠፋበት በኩል፣ ከኮረብታው ወዲህ ነበረች አለች። «ለማስወጣት ዱላው ሠርቷል። ለመመለስ ሲሞከር ግን እኔን እዩኝ፤ አንድ ጸሎትና ስለ ዝናብ ጥቂት ቃል ነው የቀረኝ።»

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አያቷ ሲሞቱ፣ መጨረሻ ላይ፣ በየትኛው ተናገሩ?»

ልጄ ጠየቀች። ሴትዮዋ እጇን እንጨቷ ላይ አደረገች።

«በዶሮዎቹ» አለ የልጄ ድምፅ። «በዶሮዎቹ ቋንቋ። ብዙ ተናገረች። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ነበሩ። ሰምተዋል ግን... ማንም...» አማርኛው ጠፋባት፣ ጀርመንኛውንም አልወሰደችም። ከዚያ አገኘችው። «ማንም አልገባውም።»

ከኋላ ክፍል የልጆቹ መዝሙር ይሰማል።

ትምህርቱ ሲያልቅ ሴትዮዋ እንጨቷን ከአንገቷ አውልቃ በሁለት እጇ ለየኔታ ሰጠቻቸው፣ እኛ ለሽማግሌ ዕቃ እንደምንሰጠው። ከኛ አይታ ይሆናል፣ ወይም እነሱም ዘንድ እንዲያ ይሆናል። የኔታ ተቀበሉና ወደ ልጄ ዞሩ።

«ጀርመንኛ ደባልቀሽ ነው የተረጎምሽው።»

ልጄ ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ፣ ሲባጎው እንዲገባ፣ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

ከዚያ በኋላ ብዙ አይቻለሁ። ሱቄ ተዘርፏል፣ ሰው ቀብሬያለሁ። ያቺ አንገት ዝቅ ያለችበት ጊዜ ግን ከሁሉ ትረዝምብኛለች። የኔታ እንጨቷን እንደያዙ ቆሙ።

«ቀና በይ» አሏት።

ቀና አለች። እንጨቷን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ፣ ልጃቸው ውጭ ጥሩምባ አሰማ፣ ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስማሩ ባዶ ነበር። ማንም ወላጅ እንጨቷ የት ሄደች ብሎ አልጠየቀም፤ ታክሲ ነጂውም ጭምር። የኔታ ክፍል ውስጥ ጀርመንኛ ሲሰሙ ያልሰሙ መሆን ጀመሩ። ጥቂቱን ያሳልፉት ነበር።

ከዚያ በፊት ግን እሑድ መጣ።

ደወልኩ። ጎረቤቷ አነሣች፣ ድምፅዋ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው። «አለች፣ እዚሁ ናት። ሁላችንም አለን» አለችኝ፤ ከኋላዋ የሰዎች ጉምጉምታ ይሰማል። ሰው ሰብስባለች ማለት ነው። ዛሬ መርዶው ይመጣል ብለው ነው የተሰበሰቡት።

ልጄን አልጠራኋትም። ራሷ መጥታ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«እማማ» አለች።

ከማዶ የእናቴ ልቅሶ መጣ፣ ከዚያ የሌሎች፣ አንዷ እልል አለች፣ አንዷ ዝም በሉ ትላለች። ልጄ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችና መለሰችው።

«እማማ፣ አታልቅሺ። ታሪክ ልነግርሽ ነው። አንድ ኦማ፣ ማለት አያት፣ አለች። በአየርላንድ። ለልጆቹ በአንድ ቋንቋ ታወራለች፣ ለዶሮዎቹ በሌላ። ዶሮዎቹ የድሮውን ይችላሉ፣ ልጆቹ አይችሉም።»

እንዲህ እያለች ሁሉንም ነገረቻት፤ ኮረብታውን፣ እንጨቱን፣ አባትየውን። የመጨረሻውን፣ የአያትየዋን ሞት፣ ዘለለችው። ጀርመንኛ በየመሃሉ ይገባል፣ ግሡ ይሰበራል፣ ወንዱ ሴት ይሆናል። እናቴ አላቋረጠቻትም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ፣ ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማኛል።

ሲያልቅ እናቴ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ታዲያ» አለች፣ «ዶሮዎቹ ይመልሱላት ነበር?»

ልጄ አሰበች። በቁም ነገር ነው ያሰበችው።

«አልጠየቅኳትም። ቅዳሜ ጠይቄ እነግርሻለሁ።»

«ቅዳሜ ጠይቂ፣ እሑድ ትነግሪኛለሽ» አለች እናቴ። ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብላ፣ እኛን ሳይሆን አጠገቧ ያለችውን ሴት ስታናግር ሰማኋት።

«ያዢልኝ እስቲ ስልኩን፣ ነጠላዬን ላዙረው።»